ያገለገሉ ባትሪዎችን መልሶ የመጠቀም ሥራ፦ ከፈቃድ ወረቀት ባሻገር ያለው ኃላፊነት

በተሽከርካሪዎች፣ በቴሌኮም ማማዎች፣ በፀሐይ ኃይል ማመንጫ መሣሪያዎችና በመሥሪያ ቤቶች የመጠባበቂያ ኃይል መስጫዎች ውስጥ የሚያገለግለው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ዕድሜው ሲያበቃ እንደማንኛውም ጥራጊ የሚጣል ዕቃ አይደለም። በውስጡ የሚገኘው እርሳስ ቀልጦና ተጣርቶ ለአዲስ ባትሪ መሥሪያ ይውላል፤ ጥራቱን ሳያጣም ደጋግሞ ሊቀልጥ ይችላል። በዚህም የተነሳ ያገለገለ ባትሪ ገዥ አያጣም። ቆራሌው ከየመንደሩ ይለቅመዋል፤ ጋራዡ ያጠራቅመዋል፤ መሥሪያ ቤቱ ከሌሎች ያገለገሉ ንብረቶች ጋር በጨረታ ይሸጠዋል።

ይኸው ገበያ የማያጣ ዕቃ ግን በዓለም አቀፍ ስምምነት አደገኛ ቆሻሻ ተብሎ የተመዘገበ ነው። ሥራው በሥርዓት ከተከናወነ የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቀውን ጥሬ ዕቃ በአገር ውስጥ ለመተካት፣ ለዜጎች የሥራ ዕድል ለመፍጠርና አካባቢን ከብክለት ለመታደግ ያስችላል። ያለሥርዓት ከተከናወነ ደግሞ በአንድ መንደር የሚያድጉ ሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። ስለሆነም ለአስፈጻሚ አካላት የሚቀርበው ጥያቄ ባትሪ መልሶ ጥቅም ላይ ይዋል ወይስ አይዋል የሚል ሳይሆን፣ ማን፣ የትና እንዴት ያከናውነው፣ ቁጥጥሩስ ከምን ተነስቶ እስከ ምን ይድረስ የሚለው ነው።

የተለያዩ አገሮች ተሞክሮ እንደሚያመለክተው ጉዳት የደረሰው ሕግ ባልነበረባቸው አካባቢዎች ብቻ አይደለም። ሕግ እያለ፣ ድርጅቱም በይፋ እየታወቀ፣ ቁጥጥሩ ግን ፈቃድ በመስጠት ወይም ጊዜያዊ ፈቃድ በማራዘም ላይ በቆመባቸው ስፍራዎች ጭምር ነው።

ባትሪው ምን ይዟል?

አንድ የመኪና ባትሪ በክብደት ሲሰላ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እርሳስና የእርሳስ ውህድ ነው። በግምት ከ100 ኪሎ ግራም ባትሪ ውስጥ ከ60 ኪሎ ግራም በላይ የሚሆነውን ይኸው ማዕድን ይይዛል። ከ15 እስከ 20 ኪሎ ግራም የሚደርሰው በውሃ የተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ሲሆን፣ ቀሪው የፕላስቲክ ቀፎና በሳህኖቹ መካከል የሚገባ መለያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሰነድ እንዳመለከተው በዓለም ላይ በጥቅም ላይ ከሚውለው እርሳስ 85 በመቶ ገደማ የሚሆነው ለባትሪ ማምረቻ የሚውል ነው።

ደረጃውን በጠበቀ ፋብሪካ ውስጥ ባትሪው በቅድሚያ አሲዱ በማይፈስበት ወለል ላይ ይራገፋል። በመቀጠልም በተከደነ መሣሪያ ይሰበራል፤ አሲዱ ለብቻው ተሰብስቦ በኖራ ወይም በሌላ ኬሚካል ባሕርይው እንዲለዝብ ይደረጋል። ፕላስቲኩ ታጥቦ ለሽያጭ ወይም ለሌላ ምርት ሲውል፣ ሳህኖቹና በላያቸው ላይ ያለው የእርሳስ ለጥፍ ወደ ማቅለጫ ምድጃ ይገባሉ። ከምድጃው የሚወጣው ጭስና አቧራ በጨርቅ ማጣሪያዎች ውስጥ አልፎ ይጠራል። ከማቅለጥ በኋላ የሚቀረው ስላግ የሚባለው ዝቃጭ ደግሞ እርሳስ ስለሚኖረው ተመርምሮ ለዚሁ በተዘጋጀ ስፍራ ይወገዳል።

ንጹሕ እርሳስ የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ይህም ከብዙ ብረቶች አንጻር ሲታይ ዝቅተኛ ሙቀት በመሆኑ በከሰል እሳትና በተራ ድስት ጭምር ሊከናወን ይችላል። የችግሩ አንድ ምንጭ የሚገኘውም እዚህ ላይ ነው። ሥራውን ለመጀመር መጥረቢያ፣ ከሰልና ድስት በቂ ሲሆኑ፣ ሥራውን ያለጉዳት ለማከናወን ግን የተከደነ መስበሪያ፣ የአሲድ ማከሚያ፣ የጭስ ማጣሪያ፣ የሠራተኛ መታጠቢያ ክፍልና የላቦራቶሪ ምርመራ ያስፈልጋል። በሁለቱ መካከል ያለው የወጪ ልዩነት ከፍተኛ ነው።

ጉዳቱ በማን ላይ ይደርሳል?

እርሳስ ለሰው አካል ምንም ዓይነት ጠቀሜታ የሌለው መርዛማ ማዕድን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በደም ውስጥ ሲገኝ ጉዳት አያስከትልም ተብሎ የሚታወቅ መጠን እንደሌለ ይገልጻል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት በአንድ ሰው አንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ ከተገኘ የመርዙ ምንጭ ተለይቶ ተጋላጭነቱን የሚያስቆም ወይም የሚቀንስ እርምጃ ሊወሰድ ይገባል።

በዋነኛነት የሚጎዱት ሕፃናት ናቸው። ሕፃናት መሬት ላይ ስለሚጫወቱና እጃቸውን ወደ አፋቸው ስለሚያደርጉ አቧራውን በቀላሉ ይውጣሉ። በአፍ ከገባው እርሳስ ውስጥም አካላቸው ከአዋቂዎች አራትና አምስት እጥፍ የሚሆነውን ይቀበላል። የብረትና የካልሲየም እጥረት ያለበት ሕፃን ደግሞ የበለጠ ይቀበላል። ውጤቱም የማስተዋልና የመማር ችሎታ መቀነስ፣ የባሕርይ ለውጥ፣ የደም ማነስ፣ ሲከፋም የሚጥል በሽታ፣ ራስን መሳትና ሞት ነው። እርሳስ በአጥንት ውስጥ ለበርካታ ዓመታት ተከማችቶ ይቆያል፤ በእርግዝና ወቅት ከአጥንት ወደ ደም በመመለስ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ሊደርስ ይችላል።

የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና ፒውር ኧርዝ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በጋራ ባወጡት ሪፖርት በዓለም ላይ ከሦስት ሕፃናት አንዱ፣ ማለትም እስከ 800 ሚሊዮን የሚደርሱ ሕፃናት፣ በደማቸው ውስጥ 5 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በላይ እርሳስ እንዳለ ገምተዋል። ሪፖርቱ በአነስተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ውስጥ ለዚህ ዋነኛ ምክንያት ከሆኑት መካከል ያለሥርዓት የሚከናወነውን የባትሪ መስበርና ማቅለጥ ሥራ ጠቅሷል።

ጉዳቱን አሳሳቢ የሚያደርገው ሌላው ጉዳይ በዓይን አለመታየቱ ነው። ሠራተኛው በሥራ ልብሱ ይዞት የሚሄደው አቧራ በቤቱ ውስጥ ይራገፋል። ልጁ በትምህርቱ ወደ ኋላ ሲቀር ምክንያቱ የአባቱ የሥራ ልብስ ሊሆን እንደሚችል የሚጠረጥር አይኖርም። የደም ምርመራ ካልተደረገ በስተቀር በሽታው ሌላ ስም ተሰጥቶት ይቀራል።

ከሌሎች አገሮች የሚገኝ ትምህርት

በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር አቅራቢያ በሚገኘው በቲያሮይ ሱር ሜር ሰፈር እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 ባለው ጊዜ 18 ሕፃናት መነሻው በወቅቱ ባልታወቀ ሕመም ሕይወታቸው አልፏል። በአካባቢው ያገለገሉ ባትሪዎች ለዓመታት ሲሰበሩ ቆይተዋል፤ በእርሳስ የተበከለው አፈርም እየተነፋ በማዳበሪያ ጆንያ ወደ መኖሪያ ቤቶች ይገባ ነበር። በኋላ በተካሄደው ጥናት ደማቸው የተመረመረ 50 ሕፃናት በሙሉ በእርሳስ ተመርዘው ተገኝተዋል። ከእነዚህ ሕፃናት መካከል ዝቅተኛው መጠን የተመዘገበበት እንኳ በአንድ ዴሲሊትር ደም 39.8 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ይህም የዓለም ጤና ድርጅት እርምጃ ሊወሰድበት ይገባል ካለው መጠን ወደ ስምንት እጥፍ የሚጠጋ ነው።

የሴኔጋሉ አደጋ የደረሰው ከቁጥጥር ውጪ በሆነ ሥራ ነው። የጎረቤት አገር ኬንያ ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በሞምባሳ ከተማ ኦዊኖ ኡሁሩ በተባለው ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በሚኖሩበት መንደር አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ የጀመረው ባትሪ ማቅለጫ በመንግሥት አካላት ዘንድ የሚታወቅ፣ ለውጭ ገበያ አምራቾች በተዘረጋው አሠራር ውስጥ የነበረ ድርጅት ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራውን እስካቆመበት ጊዜ ድረስ በጭስና በፍሳሽ አማካኝነት በነዋሪዎች ላይ ጉዳት አድርሷል። የፋብሪካው ሠራተኛ የነበሩት ፊሊስ ኦሚዶ ልጃቸው በእርሳስ መመረዙን ካወቁ በኋላ ነዋሪዎችን አስተባብረው ባደረጉት ጥረት እ.ኤ.አ. በ2015 የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማትን ተቀብለዋል።

በሞምባሳ የሚገኘው የአካባቢና የመሬት ጉዳዮች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 በሰጠው ውሳኔ ነዋሪዎቹ 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሣ እንዲከፈላቸው አዝዟል። ውሳኔው በይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ቢሻርም፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ካሣው እንዲጸና ወስኗል። ለመንግሥት ሠራተኞች ትኩረት የሚስበው የኃላፊነት ድርሻው አከፋፈል ነው። ትልቁ ድርሻ፣ ማለትም 40 በመቶው፣ የተጣለው በአቅላጩ ድርጅት ላይ ሳይሆን ሥራውን መቆጣጠር በነበረበት የአገሪቱ ብሔራዊ የአካባቢ አስተዳደር ባለሥልጣን ላይ ነው። የአካባቢና የጤና ጉዳዮችን የሚመሩ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችም ከተጠያቂነት አልዳኑም።

ችግሩ በማደግ ላይ ያሉ አገሮች ብቻ እንዳልሆነም መገንዘብ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት ቨርነን በተባለችው ከተማ የነበረው የኤግዛይድ ባትሪ ማቅለጫ እ.ኤ.አ. በ2015 እስከተዘጋበት ጊዜ ድረስ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ሲሠራ የቆየው በጊዜያዊ ፈቃድ ነበር። በዙሪያው ያሉ የመኖሪያ ቤቶችን አፈር ለመመርመርና ለማጽዳት የግዛቲቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2016 ብቻ ከ176 ሚሊዮን ዶላር በላይ መድቧል። «ለጊዜው ይሥራ» ተብሎ የተሰጠ ፈቃድ ለትውልድ የሚተርፍ ዕዳ ሊያመጣ እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የኢትዮጵያ ሕጎች ምን ይላሉ?

በኢትዮጵያ የባትሪ መልሶ መጠቀም ሥራን የሚመለከቱ ድንጋጌዎች በተለያዩ ሕጎች ውስጥ ይገኛሉ። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ዝርዝር ሕጎቹም ከዚሁ መብት የሚመነጩ ናቸው።

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የኢንቨስትመንት፣ የንግድ ወይም የሥራ ፈቃድ የሚሰጥ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ፈቃዱን ከመስጠቱ በፊት ፕሮጀክቱ በሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ አካል ይሁንታ ማግኘቱን እንዲያረጋግጥ ግዴታ ጥሏል። የአካባቢ ጥበቃ አካሉ ይሁንታውን ሲያግድ ወይም ሲሰርዝ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤትም ፈቃዱን ማገድ ወይም መሰረዝ እንደሚኖርበት አመልክቷል። ከዚህም በላይ የግምገማው ሰነድ መጽደቁ ባለፕሮጀክቱን ለሚደርሰው ጉዳት ከተጠያቂነት እንደማያድነው በግልጽ አስፍሯል። በሌላ አነጋገር የጸደቀ ሰነድ የሥራ መጀመሪያ እንጂ የኃላፊነት መጨረሻ አይደለም።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ አደገኛ ቆሻሻን ያለፈቃድ ማመንጨት፣ ማከማቸት፣ ማጓጓዝ፣ ማከምም ሆነ ማስወገድ እንደማይቻል ደንግጓል። ብክለት ያደረሰ ሰው የበከለውን አካባቢ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል። የአካባቢ ተቆጣጣሪዎች ያለቅድሚያ ማስታወቂያ ወደ ድርጅቶች ቅጥር ግቢ ገብተው እንዲመረምሩና ናሙና እንዲወስዱ ሥልጣን ይሰጣል። ማንኛውም ሰው ጉዳቱ በግሉ እንደደረሰበት ማስረዳት ሳይጠበቅበት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል፣ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልተስማማም በ60 ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ እንደሚችል በአዋጁ ተመልክቷል። ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ በተለይ ለአቤቱታ ተቀባይ መሥሪያ ቤቶች ከፍ ያለ ትርጉም አለው። የነዋሪዎች አቤቱታ በመዝገብ ቤት ሲያድር ቀኑ እየተቆጠረ መሆኑን ያስታውሳልና።

ከእነዚህ በተጨማሪ የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል በ2001 ዓ.ም የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 159/2001 ፋብሪካዎች የራሳቸውን የብክለት ክትትል እንዲያካሂዱና መረጃ እንዲይዙ ይጠይቃል። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ደግሞ አደገኛ ቆሻሻ ከመነሻው ጀምሮ እስከ መጨረሻ ማስወገጃው ድረስ በሰውና በአካባቢ ላይ ጉዳት በማያደርስ መንገድ እንዲያዝ ሥርዓት ለመዘርጋት የወጣ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኞችን ደህንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ የሚጥል ሲሆን፣ ወጣት ሠራተኞችን ለጤናቸው አደገኛ በሆነ ሥራ ላይ ማሰማራትንም ይከለክላል።

ባትሪው ድንበር የሚሻገር ከሆነ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ይከተላሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የባዝል ስምምነት ያገለገለ የእርሳስ ባትሪን፣ ሙሉም ሆነ የተሰባበረ፣ በአደገኛ ቆሻሻነት መዝግቦታል። በመሆኑም ላኪው አገር ለተቀባዩና ጭነቱ ለሚያልፍባቸው አገሮች አስቀድሞ በጽሑፍ ሳያሳውቅና ፈቃዳቸውን ሳያገኝ መላክ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1991 የጸደቀው የባማኮ ስምምነት ደግሞ አደገኛ ቆሻሻ ከአፍሪካ ውጪ ወደ አባል አገሮች እንዳይገባ ይከለክላል። ኢትዮጵያ የሁለቱም ስምምነቶች አባል ናት። ስለዚህ «ቁርጥራጭ ብረት» ተብሎ በወጪ ወይም በገቢ ሰነድ ላይ የተመዘገበ ጭነት ውስጡ ባትሪ ሆኖ ከተገኘ ጉዳዩ የቀረጥ አመዳደብ ስሕተት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

በተቆጣጣሪው ዓይን መታየት ያለባቸው ነጥቦች

አንድ ድርጅት የሕግ ተገዥ ነው ለማለት በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፈቃድ በቂ ማስረጃ አይሆንም። ተቆጣጣሪው የተወሳሰበ መሣሪያ ሳይዝ እንኳ ሊያረጋግጣቸው የሚችላቸው ጠቃሚ ነጥቦች አሉ።

የመጀመሪያው የገቢና የወጪ ክብደት ስሌት ነው። ድርጅቱ በአንድ ወር 100 ቶን ባትሪ ከነአሲዱ ገዝቻለሁ ካለ፣ ከ60 ቶን በላይ እርሳስ ያዘለ ቁስ፣ ከ15 እስከ 20 ቶን አሲድና የተወሰነ ቶን ፕላስቲክ በመዝገቡ ላይ መታየት አለበት። የአሲዱ መዝገብ ባዶ ከሆነ አሲዱ ወደ ቦይ ወይም ወደ አፈር ፈስሷል፣ አለበለዚያም ባትሪው ሲገዛ አሲዱ ቀድሞ በየሰፈሩ ተደፍቷል ማለት ነው። አሲዱ ራሱ እርሳስ ያዘለ በመሆኑ በሁለቱም መንገድ ብክለቱ ደርሷል።

ሁለተኛው የግዥ ሰነዶች ናቸው። አሲድ የሚያክም ድርጅት ኖራ ወይም ሌላ ማለዘቢያ ኬሚካል ይገዛል። ጭሱን የሚያጣራ ድርጅት የጨርቅ ማጣሪያ በየጊዜው ይቀይራል። የእነዚህ ደረሰኞች አለመኖር መሣሪያዎቹ ለይምሰል የተተከሉ ለመሆናቸው ጠቋሚ ነው። በማጣሪያው ሥር የሚሰበሰበው አቧራ እርሳስ ስላለው ተመልሶ ወደ ምድጃ መግባት ይገባዋል። ማጣሪያው ይሠራል እየተባለ የተሰበሰበ አቧራ ከሌለ ግን አቧራው በጭስ ማውጫው ወጥቷል ማለት ነው።

ሦስተኛው የስላጉ መድረሻ ነው። ዝቃጩ ጠጣርና ከባድ በመሆኑ ለጉድጓድ መሙያ፣ ለግቢ ንጣፍና ለመንገድ ሥራ የሚመች መስሎ ይታያል። በዚህ መንገድ ከፋብሪካው ከወጣ ፋብሪካው ቢዘጋ እንኳ ብክለቱ በመንደሩ ውስጥ ይቀራል። ስለሆነም ምን ያህል ስላግ እንደተመረተ፣ ተመርምሮ እንደሆነና የት እንደተወገደ የሚያሳይ ሰነድ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አራተኛው የሠራተኞች ሁኔታ ነው። የሥራ ልብስና የቤት ልብስ የሚቀመጡበት ስፍራ የተለያየ መሆኑ፣ ሠራተኛው ሰውነቱን ታጥቦ ወደ ቤቱ የሚሄድ መሆኑ፣ የሥራ ልብሱ እዚያው በድርጅቱ የሚታጠብ መሆኑ፣ የመመገቢያ ክፍሉ ከሥራው ክፍል የራቀ መሆኑ በአንድ ጉብኝት ሊታይ ይችላል። ከሁሉም በላይ ግን የሠራተኞች የደም ምርመራ ውጤት የድርጅቱ ትክክለኛ መስተዋት ነው። የጭስ ማውጫው በጉብኝቱ ቀን ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ደም ግን ያለፉትን ሳምንታትና ወራት ታሪክ ይናገራል። ውጤቱ ከወር ወደ ወር እየጨመረ ከሄደ ማጣሪያውም ሆነ የአየር ማስወጫው ሥራውን እየሠራ አይደለም።

አምስተኛው ከአጥሩ ውጪ ያለው አፈር ነው። ፋብሪካው ሥራ ከመጀመሩ በፊት በዙሪያው ያለው አፈርና ውሃ ተመርምሮ መነሻ መረጃ ካልተያዘ፣ ከዓመታት በኋላ ብክለት ሲገኝ ድርጅቱ «ከእኔ በፊት የነበረ ነው» ሊል ይችላል፤ የሚያስተባብለውም አይኖርም። የመነሻ ምርመራው ለነዋሪው ብቻ ሳይሆን በሕግ ለሚሠራው ባለሀብትም መከላከያው ነው።

ሕግ አክባሪው እንዳይከስር

ቁጥጥሩ በተመዘገቡ ድርጅቶች ላይ ብቻ ከተወሰነ ግን ያልታሰበ ውጤት ያስከትላል። ያገለገለ ባትሪ የሚሸጠው በክብደት ነው፤ የሚገዛውም ከፍተኛ ዋጋ ያቀረበ ነው። በጓሮ በድስት የሚያቀልጠው ሰው የማጣሪያ፣ የአሲድ ማከሚያ፣ የላቦራቶሪና የሠራተኛ መድን ወጪ የለበትም። በመሆኑም ለቆራሌውና ለጋራዡ የተሻለ ዋጋ ማቅረብ ይችላል። ደረጃውን የጠበቀው ፋብሪካ ደግሞ ጥሬ ዕቃ አጥቶ ከአቅሙ በታች ይሠራል፤ ወይም ከገበያው ይወጣል፤ አለበለዚያም ወጪ ለመቀነስ ሲል ማጣሪያውን ያጠፋል። ሕግ በሚያከብረው ላይ ብቻ የሚጠብቅ ቁጥጥር ገበያውን ሕግ ለማያከብረው ያስረክባል።

ይህን ለማስተካከል ሰብሳቢዎችን በማሳደድ ብቻ ውጤት አይገኝም። ቆራሌዎችና በመርካቶ ምናለሽ ተራ የመሳሰሉ ስፍራዎች ያሉ አሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ባትሪውን ከየቤቱና ከየጋራዡ አሰባስበው የሚያመጡ የሥራው እጆች ናቸው። አደጋው ያለው በመሰብሰቡ ላይ ሳይሆን በመስበሩና በማቅለጡ ላይ ነው። ስለሆነም ሰብሳቢዎችን በማኅበር አደራጅቶ ፈቃድ ካለው ድርጅት ጋር ማስተሳሰር፣ አሲዱ ያልተደፋ ባትሪ ከነአሲዱ ተመዝኖ ሙሉ ዋጋ እንዲከፈልበት ማድረግ፣ አዲስ ባትሪ የሚገዛ ደንበኛ አሮጌውን ሲመልስ ዋጋ እንዲቀነስለት የሚያስችል አሠራር መዘርጋት በሌሎች አገሮች ጥቅም ላይ የዋሉ ዘዴዎች ናቸው። አስመጪዎችና አምራቾች ለገበያ ያቀረቡትን ባትሪ መልሰው የመሰብሰብ ግዴታ እንዲኖርባቸው ማድረግም እንዲሁ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ድርሻ

በዚህ ረገድ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተቆጣጣሪ ብቻ ሳይሆኑ ራሳቸው የባትሪ ባለቤቶች ናቸው። የተሽከርካሪ ስምሪት ክፍሎች፣ የኮምፒዩተር ማዕከላት፣ ሆስፒታሎችና የቴሌኮም ተቋማት በየዓመቱ ያገለገሉ ባትሪዎችን ያስወግዳሉ። ንብረት በጨረታ ሲወገድ መመዘኛው ከፍተኛ ዋጋ ብቻ ከሆነ አሸናፊው ማጣሪያ የሌለው ሊሆን ይችላል። ከዚህ አንጻር በጨረታ ሰነዱ ላይ ተጫራቹ አደገኛ ቆሻሻ የመያዝና የማጓጓዝ ፈቃድ እንዲያቀርብ መጠየቅ፣ ባትሪዎቹን ከሌሎች ብረታ ብረቶች ለይቶ መሸጥ፣ አሲዱ በመሥሪያ ቤቱ ግቢ እንዳይደፋ መከልከልና ርክክቡን በሰነድ ማስቀረት ተጨማሪ በጀት የማይጠይቁ እርምጃዎች ናቸው።

ፈቃድ ሰጪ አካላትም በየፊናቸው የሚመለከቱትን ወረቀት ብቻ አይተው ማለፋቸው ክፍተት ይፈጥራል። ኢንቨስትመንት ቢሮው ካፒታሉን፣ መሬት አስተዳደሩ ካርታውን፣ ንግድ ቢሮው የምዝገባ ሰነዱን፣ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮው የቅጥር ውሉን ሲመረምሩ ጭሱ የማንም ሳይሆን ይቀራል። በፌዴራል ደረጃ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን፣ በክልሎች ደግሞ አቻ ተቋማት ከጤና፣ ከጉምሩክና ከከተማ አስተዳደሮች ጋር መረጃ የሚለዋወጡበት ቋሚ አሠራር መኖሩ ወሳኝ ነው። የጤና ጣቢያ ባለሙያ በአንድ ሰፈር ምክንያታቸው ያልታወቁ የሆድ ቁርጠት፣ የደም ማነስና የሚጥል በሽታ ሕሙማንን ሲያገኝ በአቅራቢያው ባትሪ የሚቀልጥበት ስፍራ መኖሩን ማወቅ ይኖርበታል።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኗን ተከትሎ ትኩረቱ ወደ ሊቲየም ባትሪ መዞሩ አይቀርም። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከዋናው ባትሪ ሌላ አነስተኛ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ስለሚይዙ የእርሳሱ ጉዳይ የሚያበቃለት አይደለም። ሊቲየም ባትሪ በበኩሉ ሲጎዳ ወይም ሲቀጠቀጥ በእሳት ሊያያዝና መርዛማ ጋዝ ሊለቅ ይችላል። አንዳንዶቹ በቅርጻቸው ከእርሳስ ባትሪ ጋር ስለሚመሳሰሉ ተቀላቅለው ወደ መስበሪያ ወይም ወደ ማቅለጫ ከገቡ ለቃጠሎና ለፍንዳታ መንስኤ ይሆናሉ። በመሰብሰቢያ ስፍራ ሁለቱን ለይቶ የማስቀመጥ ግዴታ ከአሁኑ በፈቃድ ሁኔታዎች ውስጥ ቢካተት ኋላ ከሚመጣ ጉዳት ያድናል።

በአጠቃላይ ያገለገለ ባትሪን መልሶ ጥቅም ላይ ማዋል ሊበረታታ የሚገባው የሥራ ዘርፍ ነው። ሆኖም የዘርፉ ስኬት መለኪያ የተሰጡ ፈቃዶች ቁጥር ወይም የቀለጠው እርሳስ ቶን ብቻ ሊሆን አይገባም። በፋብሪካው አጥር ዙሪያ የሚያድጉ ሕፃናት ደም ውስጥ የሚገኘው የእርሳስ መጠንም ሊሆን ይገባል። የተበከለ አፈር በብዙ ገንዘብ ሊጸዳ ይችላል፤ በእርሳስ የተጎዳ የሕፃን አእምሮ ግን በካሣ አይመለስም። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው ፈቃድ ከመፈረሙ በፊት የሚደረግ ጥንቃቄና ከተፈረመ በኋላ የማይቋረጥ ክትትል ለነዋሪው፣ ለሠራተኛው፣ በሕግ ለሚሠራው ባለሀብትም ሆነ ፊርማውን ለሚያኖረው ኃላፊ ዋስትና ነው።